«እስቲ ልጠይቅልዎት»፦ የመንግሥት ሠራተኞች መደበኛ ያልሆነ ትስስርና የተገልጋዩ መብት

ለጉዳዩ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ተገልጋይ ሰነዱን በመስኮት በኩል ያቀርባል። ባለሙያዋ ተቀብላ ታገላብጠዋለች፤ ጥቂት ታመነታና «ትንሽ ይጠብቁኝ፤ እስቲ ልጠይቅልዎት» ብላ ስልኳን ታነሣለች፤ ወይም ወደ ጎረቤት ቢሮ ብቅ ብላ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ጉዳዩ በዚያው ሰዓት መፍትሔ ያገኛል፤ አለዚያም «አይቻልም ተብሏል» የሚል ምላሽ ይሰጠዋል። ማን እንዳለ፣ በየትኛው ሕግ መሠረት እንዳለ ግን ተገልጋዩ አያውቅም።

በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከመስኮቱ ጀርባ የሚከናወነው ነገር በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዋቅር ላይ ተስሎ አይገኝም። ሆኖም የአገልግሎቱን ፍጥነትና ፍትሐዊነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የመንግሥት ሠራተኞች እርስ በርስ የሚመካከሩበትን መደበኛ ያልሆነ ትስስር ምንነት ማስረዳት፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን መመርመር፣ እንዲሁም ተገልጋዩ ከዚህ አሠራር ምን የመጠየቅ መብት እንዳለው ማሳየት ነው።

ትስስሩ ምንድን ነው?

ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው በመመሪያና በሥራ መደብ ዝርዝር የተቀመጠው፣ ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ የሚያሳየው መዋቅር ነው። ሁለተኛው ሠራተኞች በሥራ ሂደት ራሳቸው የሚፈጥሩት ግንኙነት ነው። በሻይ ሰዓት የሚነሣ የሥራ ጥያቄ፣ በኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው ወደየክልላቸው የተመለሱ ባለሙያዎች የስልክ ምክክር፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የተሰማሩ የልዩ ልዩ ወረዳ ሠራተኞች የከፈቱት የቴሌግራም ቡድን፣ ሁሉም የዚህ ገጽታ አካል ናቸው።

ከእነዚህ መካከል በአንድ የሥራ ዘርፍ ላይ ያተኮሩትንና አባላቱ ዘወትር ከሌላው ልምድ የሚማሩባቸውን ስብስቦች ምሁራን ለይተው ያጠኗቸዋል። ጂን ሌቭ እና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ በላይቤሪያ የልብስ ስፌት የሚማሩ ወጣቶችንና ሌሎች የሙያ ተለማማጆችን ምሳሌ በማድረግ፣ ሰው ሙያን በዋነኝነት የሚማረው ከባለሙያዎች መካከል ሆኖ አብሮ በመሥራት መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ስብስብ «የመማማሪያ ቡድን» እንለዋለን።

አስተሳሰቡ ለአገራችን ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። በብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች እድርና እቁብ አለ። ማንም በመመሪያ ሳያዛቸው ይቋቋማሉ፤ የራሳቸው ደንብና ሰብሳቢ አላቸው፤ አባሉ ሲቸገር ይደርሳሉ። የሥራ ምክክሩም በዚሁ መንፈስ የሚካሄድ ነው፤ ልዩነቱ በውጤቱ የሚጠቀመውም ሆነ የሚጎዳው ከቡድኑ ውጭ ያለው ተገልጋይ መሆኑ ነው።

ሠራተኛው ለምን ባልደረባውን ይጠይቃል?

ተገልጋዮች ብዙ ጊዜ «ሥራውን የማያውቅ ሰው ለምን መስኮት ላይ ይቀመጣል?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግና መመሪያ አጠቃላይ ሁኔታን እንጂ እያንዳንዱን ሰው ከነታሪኩ አስቀድሞ ሊያይ አይችልም። በመመሪያውና በሰውየው ጉዳይ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ልምድ ነው፤ ልምድ ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ተሟልቶ አይገኝም።

የልደት ቀንን ጉዳይ እንውሰድ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ዜጋ የልደት ቀኑን የሚያስረዳው በትምህርት ማስረጃ፣ በክርስትና ወይም በክትባት ካርድ፣ አልያም በቤተሰብ ቃል ነው። ከእነዚህ ሰነዶች አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ፣ ሌሎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሞሉ ናቸው። አቆጣጠሩን ለመቀየር ብዙዎች የሚከተሉት ዘዴ በዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት መደመር ነው። ዘዴው በአብዛኛው ይሠራል፤ ታኅሣሥ ላይ ሲደርስ ግን ያሳስታል። ታኅሣሥ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልደቱ ዲሴምበር 31 ቀን 1989 ሲሆን፣ በማግስቱ ታኅሣሥ 23 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ይሆናል። በአንድ ወር ውስጥ የተወለዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ልዩነት የተለያየ ዓመት ይይዛሉ ማለት ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት ደግሞ ድንበሩ በአንድ ቀን ይገፋል።

ይህን ያላስተዋለ ሠራተኛ በአንዱ ሰነድ 1989፣ በሌላው 1990 የሚል ሲያይ «ሰነዶቹ አይገናኙም» ብሎ ይመልሳል። ተገልጋዩም ያልሠራውን ስሕተት ለማስተካከል ከክፍለ ከተማ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሳል። ለዓመታት መዝገብ ላይ የሠራች ባልደረባ ግን በስልክ «ልደቱ ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ እንደሆነ እይው፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው» በማለት ጉዳዩን በአንድ ደቂቃ ልትፈታው ትችላለች። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ሰነድ በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ቢጀምር፣ የአንድ ሰው መሆኑን በምን ማረጋገጥ እንደሚቻል የሚያውቀው ብዙ ተመሳሳይ ጉዳይ ያየ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ ከልዩ ልዩ አገልግሎቶች ጋር ሲተሳሰር፣ ቀድሞ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ተለያይተው የተቀመጡ ልዩነቶች ጎን ለጎን መታየት ጀምረዋል። የሠራተኞች ምክክርም በዚያው ልክ አስፈላጊነቱ ጨምሯል።

ሠራተኛው ኃላፊውን ትቶ ባልደረባውን የሚጠይቅበት ሌላም ምክንያት አለ። ፒተር ብላው የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት የአንድ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ተመልክቷል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሠራተኛው ሲቸገር የቅርብ ኃላፊውን ብቻ እንዲያማክር ያዝዝ ነበር። ሠራተኞቹ ግን እርስ በርስ ይመካከሩ ነበር፤ ኃላፊን ደጋግሞ መጠየቅ አለማወቅን መግለጥ ሆኖ በሥራ ምዘና ላይ ያስፈራቸው ነበርና። ብላው ምክክሩ የውሳኔዎችን ጥራት እንደጠቀመ አስተውሏል። ከዚያ ወዲህ ሰባ ዓመታት ቢያልፉም በእኛም መሥሪያ ቤቶች ያለ ሠራተኛ ይህን ሲያነብ ራሱን ሳያገኝ አይቀርም።

የአንዱ ትስስር ሁለት ፊት

ከላይ የተገለጸው የትስስሩ መልካም ፊት ነው። አዲስ ሠራተኛ ሥራ ይለምድበታል፤ በሁለት ወረዳዎች ለተመሳሳይ ጉዳይ ተመሳሳይ ምላሽ ይሰጥበታል፤ አላስፈላጊ ምልልስ ይቀንስበታል። ይሁንና ያው ትስስር፣ በዚያው ስልክና በዚያው ቡድን አማካይነት፣ ተገልጋዩን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ በአራት መልክ ይታያል።

የመጀመሪያው አድልዎ ነው። የሠራተኞች ትውውቅ የዕውቀት መንገድ መሆኑ ቀርቶ የጉዳይ ማስፈጸሚያ መንገድ ሲሆን፣ «ውስጥ ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከማስረጃ በፊት መነሣት ይጀምራል። ሰው ያለው ጉዳዩ ከተራ ውጭ ይታይለታል። ሰው የሌለው፣ በተለይም ከገጠር የመጣ ወይም ዕድሜው የገፋ ተገልጋይ፣ ቀኑን በወረፋ ያሳልፋል። ከዚህም አልፎ በመካከል ገብቶ «የማውቀው ሰው አለ» በማለት ገንዘብ የሚቀበል ጉዳይ አስፈጻሚ የሚበቅለው በዚሁ ሥፍራ ነው።

ሁለተኛው ያልተጻፈ ሕግ ነው። በብዛት የሚያጋጥምና እምብዛም ትኩረት ያልተሰጠው ጉዳት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ባለሙያ «እኛ ጋ ለዚህ ጉዳይ ተጨማሪ የድጋፍ ደብዳቤ እንጠይቃለን» ብሎ ይጽፋል እንበል። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ሐሰተኛ ሰነድ አጋጥሞት ሊሆን ይችላል። ሌሎቹም ጥንቃቄው መልካም መስሏቸው ይከተሉታል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ያለ ደብዳቤው አገልግሎት መስጠት ይቆማል፤ ተገልጋዩም «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ይባላል። መመሪያ ግን አልወጣም። የወጣው በስልክ ላይ ያለ መልእክት ነው።

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የወጣው እንዲህ ያለውን ሁኔታ ለመከላከል ጭምር ነው። በአዋጁ መሠረት መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል፣ የጸደቀውንም ማስመዝገብና በድረ ገጽ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ይጠበቅበታል። ይህን ሂደት ያላለፈ መመሪያ ተፈጻሚ ሊሆን አይችልም። በቡድን መልእክት የተላለፈ «መመሪያ» የቱንም ያህል በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ቢሠራበት፣ በተገልጋዩ ላይ ግዴታ የሚጥልበት ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ሦስተኛው የተገልጋዩ የግል መረጃ ነው። ሠራተኛው ምክር ለመጠየቅ ሲቸኩል የመታወቂያውን፣ የሕክምና ማስረጃውን ወይም የፍቺ ውሳኔውን ፎቶ አንሥቶ በቡድኑ ውስጥ ሊለጥፍ ይችላል። ለመርዳት ያደረገው ቢሆንም፣ የዜጋው ሰነድ ከሥራው ጋር ግንኙነት በሌላቸው በርካታ ሰዎች ስልክ ላይ ይቀራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የግል መረጃ ከዚያ ዓላማ ውጭ እንዳይውል ይጠብቃል። ስሙ፣ ፎቶው፣ የመታወቂያ ቁጥሩ ሳይጠቀስ ጥያቄውን ማቅረብ ሁልጊዜ ይቻላል፤ «ልደቱ ታኅሣሥ የሆነ ተገልጋይ አለኝ» ማለት ለምክር በቂ ነው።

አራተኛው የኃላፊነት መጥፋት ነው። ውሳኔው ከትስስሩ ሲመጣ «ተብለናል» የሚል ቃል ይበዛል። ያለው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ተገልጋዩ ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ ይቸግረዋል። በተቃራኒው ደግሞ መልካሙ ዕውቀት በአንዲት ልምድ ባላት ሠራተኛ ላይ ብቻ ተከማችቶ ሲቀር፣ እርሷ ስትዛወር ወይም ጡረታ ስትወጣ ከእርሷ ጋር ይሄዳል። «ያቺ ልጅ ከሌለች ጉዳያችሁ አያልቅም» የሚባልበት መሥሪያ ቤት ጥሩ ሠራተኛ አለው፤ ጥሩ አሠራር ግን የለውም።

በትእዛዝ የተቋቋመና በሥራ የበቀለ

ይህን መደጋገፍ ወደ መዋቅር ለማስገባት በአገራችን የተደረጉ ሙከራዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚወሰድ ትምህርት አለ። አንድ ግንባር ቀደም ሠራተኛን ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር ያቆራኝ የነበረው የ1ለ5 አደረጃጀት በዓላማው መማማርን ያካተተ ነበር። በተግባር ግን በብዙ ቦታ የክትትልና የግምገማ መሣሪያ ተደርጎ በመታየቱ ሠራተኛው አለማወቁን በግልጽ የሚናገርበት መድረክ ሊሆን አልቻለም። ሪፖርቱ በየሳምንቱ ይሞላ ነበር፤ እውነተኛው የሥራ ጥያቄ ግን በሻይ ሰዓት ይነሣ ነበር። የብላው ጥናት ያስተማረውም ይኸው ነው፤ መመዘኛ በሆነ መድረክ ላይ ማንም ድክመቱን አይገልጥም።

ከዚህ የተሻለ ፍሬ የታየባቸው አሠራሮችም አሉ። በትምህርት ዘርፍ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ የጉድኝት ማዕከል ዙሪያ ተሰባስበው መምህራን የማስተማር ዘዴና የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይጋራሉ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የተስፋፋው የካይዘን ፍልስፍና ደግሞ ለማሻሻያ ሐሳብ ቅርብ የሆነው ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ነው ከሚል እምነት ይነሣል። በሁለቱም የስብስቡ ማሰሪያ የጋራ የሥራ ችግር ነው።

ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጉዳዩን በአዲስ መልክ አምጥቶታል። ቀድሞ በስልክ ይፈላለጉ የነበሩ የልዩ ልዩ ተቋማት ባለሙያዎች አሁን በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በተቋማት መካከል የነበረው የተገልጋዩ ምልልስ በሠራተኞች መካከል ወደሚደረግ ምክክር ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን አንድ ጣሪያ ብቻውን ከላይ የተዘረዘሩትን ጉዳቶች አያስወግድም። ያልተጻፈ ሕግ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከስልክም ይልቅ በፍጥነት ይዛመታል።

ድንበሩ የት ላይ ነው?

ትስስሩን ማገድ አይቻልም፤ ቢቻልም አገልግሎቱን ያዘገየዋል። እንዳለ መተውም አይገባም። የተሻለው መንገድ ምክርንና ውሳኔን መለየት ነው። ምክር በስልክ፣ በሻይ ሰዓት፣ በቴሌግራም ሊመጣ ይችላል። ውሳኔ ግን ሥልጣን ባለው ሰው፣ በታወቀ ሕግ መሠረት፣ ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን የደነገገው ለዚህ ነው።

ለሠራተኛውና ለኃላፊው አንድ ቀላል መለኪያ ማቅረብ ይቻላል። ከባልደረባ የተገኘው ዕውቀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል ወይ? የልደት ቀን አቀያየሩ ሊለጠፍ ይችላል፤ እንዲያውም ሊለጠፍ ይገባዋል። በመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለ የአንድ ገጽ የአቆጣጠር ማነጻጸሪያ ሠራተኛውንም ተገልጋዩንም ከስሕተት ይጠብቃል። «የእገሌ ዘመድ ነውና ቶሎ ጨርሱለት» የሚለው ግን ሊለጠፍ አይችልም። «ተጨማሪ ደብዳቤ እንጠይቅ» የሚለውም በሕግ ያልተደገፈ በመሆኑ፣ ወይ በሥርዓቱ መመሪያ ሆኖ ይወጣል፣ ወይ ይቀራል። የሥራ ክፍል ኃላፊዎች በየወሩ ሠራተኞቻቸው ደጋግመው የተጠያየቁባቸውን ጉዳዮች ሰብስበው ምላሹን በጽሑፍ ቢያወጡ፣ በአንድ ስልክ ውስጥ የተቀመጠው ልምድ የመሥሪያ ቤቱና የሕዝቡ ሀብት ይሆናል። ጠያቂ ሠራተኛን እንደ ሰነፍ አለማየትም የኃላፊው ድርሻ ነው።

ተገልጋዩ ምን ሊጠይቅ ይችላል?

«እስቲ ልጠይቅልዎት» የሚል ቃል ሲሰሙ በጥርጣሬ ማየት አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ የሥራ ትጋት ምልክት ነው። ሆኖም የተሰጠው ምላሽ እምቢታ ከሆነ ወይም አዲስ ግዴታ የሚጥል ከሆነ የሚከተሉትን በትሕትናና በድፍረት መጠየቅ መብት ነው።

አንደኛ፣ የተጠየቀው ማስረጃ በየትኛው አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ እንደተደነገገ ቁጥሩ እንዲነገር ይጠይቁ። «ተብሏል» የሚለው ምላሽ የሕግ ቁጥርን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በፌዴራል ተቋማትና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተሞች አስፈጻሚ አካላት ላይ ተፈጻሚ ሲሆን፣ ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲደገፍ ያዝዛል። ይህ ወረቀት ለቀጣይ ቅሬታ መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መመሪያው ወይም የአሠራር መረጃው ካልተገኘ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የመረጃ ጥያቄ ያቅርቡ። ኃላፊው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይም በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሥራው የተቋሙን ዜና ማሠራጨት ብቻ እንዳልሆነ ተገልጋዩም፣ እኛ በሙያው ያለን ሠራተኞችም ልናስታውሰው ይገባል።

አራተኛ፣ ቅሬታ ሲኖር በቅድሚያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ያቅርቡ። በዚያ መፍትሔ ካልተገኘ ያለ ክፍያ ወደሚያገለግለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ፣ ወይም ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይቻላል።

አምስተኛ፣ ሠራተኛው ሰነድዎን በግል ስልኩ ፎቶ ካነሣ፣ ለምን ዓላማ እንደሆነና ለማን እንደሚላክ ይጠይቁ።

በመጨረሻም፣ በየመስኮቱ የሚገኙ ብዙ ሠራተኞች ያልተጻፈላቸውን ክፍተት በራሳቸው ጥረትና በባልደረቦቻቸው እርዳታ እየሞሉ አገልግሎት እንደሚሰጡ መመስከር ተገቢ ነው። የሚቀረው ሥራ ያ እርዳታ ሰው ለሌለው ተገልጋይም እኩል እንዲደርስ ማድረግ ነው። ባለሙያዋ ስልኳን አስቀምጣ ስትመለስ ለተገልጋዩ የምትነግረው መልስ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ሲሆን፣ በወረፋው ያሉ ሁሉ በእኩል ይስተናገዳሉ።